የማዳም ካቲና ቡፌ ቤታችን የገባ ጊዜ

ወንበርን በተመለከተ የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወገን ወንበሩን አንዴ ካስቀመጠ በኋላ ርስት ያደርገዋል፤ ወንበሩም ባለቤቱም እዚያው ያረጃሉ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ወንበር አራት እግር የተሰጠው እንዲሄድበት ነው ብሎ ያምናል። ፈጣሪ ጨዋታ ያውቃልና ሁለቱን ወገኖች እያጋባ አንድ ጣሪያ ሥር ያኖራቸዋል። እኔ ከመጀመሪያው ወገን ነኝ። ባለቤቴ ጽጌ ከሁለተኛው። እናንተ ከየትኛው እንደሆናችሁ ካላወቃችሁ የትዳር ጓደኛችሁን ጠይቁ፤ ሳያቅማማ ይነግራችኋል።

ዘመኑም ለጽጌ ያደላ ነበር። አገሩ ሁሉ ቦታ የሚቀያየርበት ጊዜ ነው። ላይ የነበረው ታች ወርዷል፣ ታች የነበረው ላይ ወጥቷል፤ ትናንት ቤት አከራይ የነበረው ዛሬ የቀበሌ ተከራይ ነው፤ ትናንት «ኩሊ» ብለን የምንጠራውን ሰው ዛሬ «ወዛደር» ካላልነው ያስጠይቀናል። እኔ «ምነው ይህቺን ቁም ሳጥን እንኳ ብትተያት?» ስላት፣ ይህ ሁሉ ሲገለባበጥ ዝም ብለህ የአንዲት ቁም ሳጥን መገፋት ገረመህ ወይ ትለኛለች። እኔም ቁም ሳጥኗን አብሬያት እገፋለሁ። ለነገሩ ያን ጊዜ ለብዙ ነገር መልስ አልነበረንም።

የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ሁለት ክፍል ቤት ነበር። እኔ ምድር ባቡር የጭነት ሰነድ ጸሐፊ ነኝ፤ ጽጌ ቤት ውስጥ በእግር መኪና ልብስ ትሰፋለች። የሶማሊያው ጦርነት አልፎ ከተማዋ ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ድሬ የኖሩት ግሪኮች፣ አርመኖችና የመኖች አንድ በአንድ ሻንጣቸውን ያስሩ ነበር። ሻንጣ ውስጥ የማይገባው ዕቃ ደግሞ ለእኛ ቀረ። በዚያ ሰሞን አንድ የፈረንጅ ወንበር ያልገባበት የድሬ ቤት ፈልጋችሁ አታገኙም። ሰው ሁሉ ከእግሩ በታች የማን ምንጣፍ እንደተነጠፈ እያወቀ እንዳላወቀ ይረግጥ ነበር።

ጽጌ ግን እንደ ሌላው ሰው ያገኘችውን ሁሉ አትለቅምም። ዓይን አላት። ከአንድ የመናዊ ነጋዴ ሱቅ የተጎዳጎደ ትልቅ የመዳብ ትሪ አመጣችና፣ በተሰበረ የስፌት መኪና እግር ላይ አስቀምጣ ጠረጴዛ አደረገችው። አንድ አርመናዊ ፎቶ አንሺ ደግሞ ደንበኞቹን ከፊቱ እያቆመ ያነሣበት የነበረውን፣ በረዶ የለበሰ ተራራና ሰማያዊ ሐይቅ የተሳለበትን ሸራ ትቶ ሄዶ ነበር፤ እሱን ለሁለት ቀድዳ በሁለቱ ክፍሎች መካከል መጋረጃ አደረገችው። ስለዚህ መኝታ ቤታችን የምንገባው ሐይቁን ሰንጥቀን ነው። በድሬ ሙቀት ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ከእኛ ጋር አባቴም ይኖራል። አባቴ በልጅነቱ ከመንዝ ወርዶ፣ የባቡር ሞተር ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ብረት ነክ ነገር ሲሆን በፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ሰው ነክ ሲሆን በአማርኛ፣ ያውም በ«እርስዎ»። ድሬ ደግሞ ታውቋታላችሁ፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ብላ የምትጠራ ከተማ ናት። አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድሬን «እርስዎ» ሲል፣ ድሬም ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱን «አንተ» ስትለው፣ አንዳቸውም ሳይሸነፉ ቀሩ። የድሬ ልጅ የሆነችው ጽጌም ገና በሙሽርነቷ «አባባ፣ አንተ ምሳህን በላህ?» ያለችው ቀን ጉሮሮው ላይ ጉርሻ ተሰንቅሮበት ነበር። እናቴ ካረፈች በኋላ እኛ ዘንድ ገባ። ከጽጌ ጋር ክፉ ቃል አይለዋወጡም። ደግ ቃልም ብዙ አይለዋወጡም።

በተለይ አንድ ነገር ጽጌን ያበግናት ነበር። አባቴ በቤት ውስጥ ሲሄድ ጣቱን በጠረጴዛው ጠርዝ፣ በወንበሩ መደገፊያ፣ በግድግዳው ላይ እያሳለፈ ነው። «አቧራ ይፈልግብኛል» ትላለች ጽጌ፤ «አባትህ በባቡር ጋራዥ የለመደውን ቁጥጥር እኔ ላይ ጀመረ።» እኔም ተዪው፣ የሽማግሌ አመል ነው እላለሁ። እሷ ግን በቀን ሁለቴ ትወለውላለች። መንገድ ላይ ሲያልፋትም ሰላም አይላትም፤ ይህንንም በሆዷ ይዛዋለች።

እንግዲህ ወደ ቡፌው እንምጣ።

ማዳም ካቲና የምትባል የግሪክ ባልቴት ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ትኖር ነበር። ልጆቿ ዘንድ ልትሄድ ስትነሣ ለመንገድ የሚሆን ልብስ እንድትሰፋላት ጽጌን ጠራቻት። ጽጌ አንድ ሳምንት ተመላልሳ ሁለት ቀሚስና አንድ ካፖርት ሰፋች። በመጨረሻው ቀን ማዳም ስለ ልፋትሽ ከዚህ ቤት የወደድሽውን ውሰጂ አለቻት። ሌላ ሰው ቢሆን ራዲዮኑን ያነሣል። ጽጌ ቡፌውን አለች። ማዳም ካቲና መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ የቡፌውን በር በመዳፏ እየዳበሰች ትንሽ አለቀሰች፣ በኋላ ግን ባለጋሪ እንድትፈልግ ነገረቻት።

ቡፌው ቡፌ ብቻ አልነበረም። ጥቁር፣ ከረጅም ሰው የሚበልጥ፣ ትከሻው የሰፋ፣ አናቱ ላይ የወይን ዘለላ የተቀረጸበት ግዙፍ ነገር ነው። በጋሪ መጣ፤ በበሩ አልገባ አለ። በሩን ከነማጠፊያው ነቅለን፣ አራት ወዛደሮች እየማሉና እየተገዘቱ አስገቡት። ከገባ በኋላ ደግሞ እሱ የሚቆምበት ቦታ እንዲገኝ ቤቱ በሙሉ መፈናቀል ነበረበት። የመዳቡ ጠረጴዛ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ የስፌት መኪናው ወደ ማዕዘን ተገፋ፤ ከበሩ ሦስት እርምጃ ርቆ ለዓመታት የቆየው የአባቴ ወንበር ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ተሰደደ። በእሱ ቦታ ቡፌው ቆመ።

አባቴ በዚህ ሁሉ መካከል አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ከጡረተኛ ጓደኞቹ ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ያሳልፍና ለምሳ ይመለሳል። ጽጌ የምሳ ሰሐን ለማምጣት ወደ ጓሮ ወጥታለች፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ማለትም ከሐይቁ ማዶ፣ ሚስማር እመታለሁ። ቀትር ስለሆነ መስኮቱ ለሙቀቱ ሲባል ገርበብ ብሏል፤ ቤቱ ደብዘዝ ያለ ነው። የአባቴ ዱላ ደፉ ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። አንድ፣ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። በሸራው ክፍተት አየሁት። ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ዘወትር ጠቆር ያለ ካኪ የሚለብስ ሰው ነበር። ሰው ቤት ገብቶ ሳይናገር መቆምም ልማዱ ነው። አባቴም መልስ ሲያጣ ነገሩ ከባድ መሰለው መሰል፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ ቀጠለ።

«ቆመውማ አይሆንም፤ ይቀመጡ እንጂ። ያለፈው እሑድ ከስብሰባ የቀረሁት ጉልበቴን አሞኝ ነው። ሁለተኛ አይለመደኝም።»

ቡፌው ዝም።

እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አባቴ የሚቀልድ መስሎኝ ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ ሳቄን ሰምቶ ወደ እኔ ዞረና ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን እኔን በስንዝር ስቶ ግድግዳው ላይ አረፈ።

ጽጌ ሰሐን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከእኔ ቀድማ የገባት እሷ ናት። ሰሐኑን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ሄዳ እጁን ያዘችና፣ «አባባ፣ እኔን ታየኛለህ?» አለችው።

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አለ አባቴ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ተራ በተራ ወጣ። ዓይኑን ሞራ ከሸፈነው ሁለት ዓመት አልፎታል። ከጓደኞቹ ጋር ዳማ መጫወት ትቶ የተጫዋቾች አስታራቂ የሆነው ጠጠሮቹን መለየት ስላቃተው ነው። ጋዜጣ ማንበብ የተወው እንደሚለው ወሬው አንድ ዓይነት ስለሆነ አይደለም፤ ምንም እንኳ ወሬው አንድ ዓይነት መሆኑ እውነት ቢሆንም። ጽጌን መንገድ ላይ ሰላም የማይላት ከኩራት ሳይሆን ካለማየት ነው። ወደ ዛፉ የሚሄደው በእርምጃ ቆጥሮ ነው። ቤቱን ደግሞ በጣቱ እየዳሰሰ በቃሉ አጥንቶታል፤ ጠረጴዛው እዚህ፣ ወንበሩ እዚያ። ጽጌም ታዲያ መጋረጃ ትለውጥ እንጂ በተአምር እነዚያን ሁለት ዓመታት የእሱን መንገድ አልነካችበትም ነበር። ቡፌው እስኪመጣ።

«እኔ እኮ አቧራ የምትፈልግብኝ መስሎኝ ነበር» አለችው ጽጌ።

«አቧራማ ማየት ብችል ምን ጎደለኝ» አላት።

ለምን ደበቅከን ብዬ ስጠይቀው ብዙ አላብራራም። ወንድሙ ዘንድ መንዝ እንዳንልከው ፈርቷል። ከዚህም በላይ፣ ሠላሳ ዓመት የባቡር ሞተር እያስነሣ በኖረባት ከተማ በሰው እጅ መመራት አልዋጥለት ብሏል። «ያየሁትን አላየሁም ብዬ አላውቅም» አለን በመጨረሻ፤ «ያላየሁትን ግን አየሁ ብዬ ዋሽቻለሁ።»

ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይላሉ። እኔ ግን በዚያ ቀትር ግንባሬን ነው ያሻሸሁት። ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዤ አባቴን ሁለት ዓመት አላየሁትም።

ጽጌ ያን ቀን ከሰዓት ወዛደሮቹን መልሳ ልትጠራ ተነሣች፤ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለስ አለች። አባቴ አልፈቀደም። ወይዘሮዋ አልቅሳ የሰጠችሽን ዕቃ በእኔ ምክንያት አታስወጪውም አላት። ስለዚህ እጁን ያዘችና ቤቱን እንደ አዲስ አስተዋወቀችው። ይህ የቡፌው ክንድ ነው፣ ከዚህ እስከ መስኮቱ አራት እርምጃ፣ ይህ ትሪው፣ ጠርዙ ይቆርጣልና ተጠንቀቅ። የወይኑን ቅርጽ አንድ በአንድ ስታስዳብሰው፣ የእንጨቱን ሥራ በጣቱ እየመረመረ «ጎበዝ እጅ ነው» ይል ነበር። አባቴ እኛ ዘንድ በኖረባቸው ሦስት ዓመታት እንደዚያ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። እኔ በሩን ስገጥም ዋልኩ።

በማግሥቱ ጽጌ ማለች። አባባ እስካለ ድረስ ከዚህ ቤት አንዲት በርጩማ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ይህ ለእሷ ምን ያህል ጾም እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ቆማ ቡፌውን ታየዋለች፤ ራሷን ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ታደርጋለች፤ እጇ ይሄድና በመንገድ ላይ ይመለሳል። ትተነፍስና ወደ ስፌቷ ትቀመጣለች።

በዚህ መካከል ግን ወሬው ወጣ። አጥራችን ቀጭን ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ያለችው፣ እንደ እናት «አዴ» የምንላት ሃሊማ ደግሞ ጆሮዋ አይተኛም። ልበ ደግ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ሎሚና ብርቱካን ትሸጣለች። ነገሩን የነገረችው ለአንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ፤ ሰው ሁሉ ጨመረበት። ቀፊራ ላይ አባቴ ለቡፌው ተንበርክኳል። አሸዋ ገበያ ሲደርስ ቡፌው «ተነሣ ጓድ» ብሎታል። መጋላን አዳርሶ ወደ እኛ የተመለሰው ደግሞ፣ ሽማግሌው ሊቀ መንበሩን «ከእንጨት አትለይም» ብሎ ሰደበው የሚል ነበር።

ይህ የሚያስቅ ነገር ነው፤ ዛሬ። በዚያን ጊዜ ሊቀ መንበርን ከእንጨት ጋር ማመሳሰል የሚያስቅ አልነበረም። ከዚያ ባነሰ ነገር ተጠርተው የቀሩ ሰዎች እናውቃለን።

ይባስ ብሎ ደግሞ የሊቀ መንበሩ ፊርማ የሚያስፈልገን ሰዓት ነበር። ያቺው አዴ ሃሊማ በጸጸትም ይሁን በደግነት አንድ ጠዋት መጥታ፣ «አቦ ምን ትጠብቃላችሁ? ሞራ እኮ ይገፈፋል። የወንድሜን ሐረር ገፈፉለት፤ ይኸው ግመል ከሩቅ ይለያል» አለችን። ሐረር ሆስፒታል በነጻ ለመታከም ግን ከቀበሌ የድጋፍ ወረቀት ያስፈልጋል። አባቴ ስለ ወረቀቱ ሳይሰማ ገና ስለ ሕክምናው አልፈልግም አለ። እግዜር የዘጋውን ሰው አይከፍተውም፣ ደግሞስ ለስንት ቀን ዕድሜ ነው፣ ይህን የመሰለ ብዙ ነገር ተናገረ። እኔ ለመንኩት፤ የነፍስ አባቱ መከሩት፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ጽጌ ስፌቷን አቁማ ከፊቱ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እኔ ላንተ ብዬ ይሄው ሁለት ወር ወንበር አልገፋሁም» አለችው። «እስከ መቼ እንደምችል እንጃ። አንድ ቀን ሰይጣን ያሳስተኝና አንድ ነገር አንቀሳቅሳለሁ፤ አንተም ትወድቃለህ፤ እኔም ዕድሜ ልኬን አለቅሳለሁ። ወይ ዓይንህን አሳይ፣ ወይ እጄን እሰርልኝ።»

አባቴ መሳቅ ጀመረ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። እሺ አለ።

ወረቀቱን ለመጠየቅ እኔ ሰኞ እሄዳለሁ፣ ማክሰኞ እሄዳለሁ እያልኩ አንድ ሳምንት ፈራሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሊቀ መንበሩ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ እንደ ልማዱ አልተናገረም። ጽጌ መቀሷን እንደያዘች ደረቀች። እኔ ብድግ ብዬ የት እንደምቆም ጠፋኝ። ከአጥሩ ማዶ የአዴ ሃሊማ ኮቴ ቀጥ ሲል ተሰማኝ።

ሊቀ መንበሩ ቀጥታ ወደ ቡፌው ሄደ። ከላይ እስከ ታች አየው። በጣቱ አጥንት ኳ ኳ አደረገው። ከጎኑ ቆሞ ቁመቱን ለካ፤ ቡፌው በወይኑ ዘለላ ይበልጠዋል።

«ይኼ ነው እኔ?» አለ።

ጽጌ መቀሷን ትሪው ላይ አስቀመጠች።

ወደ አባቴ ዞረ። «ስማኝ አባባ» አለ፤ እሱም የድሬ ልጅ ነው። «ከተሾምኩ ጀምሮ ቤት ለቤት ስዞር ሰው ሁሉ ይነሣልኛል እንጂ ተቀመጥ ያለኝ የለም። አንተ እንጨቱን ተቀመጥ ብለኸዋል አሉ። እስቲ ለሱ ያልከውን ለኔ በለኝ።»

አባቴ ተነሣ። በጣቱ የትሪውን ጠርዝ ይዞ፣ ከዚያ የቡፌውን ክንድ፣ አንድ ወንበር ፈልጎ አገኘና ወደ ድምፁ አዞረው። «ቆመውማ አይሆንም፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለ በእርጋታ። «ይቀመጡ እንጂ።»

ተቀመጠ። ባርኔጣውንም አወለቀ። ጽጌ የሎሚ ውኃ አቀረበችለት፤ ስለ ሙቀቱና ስለ ውኃው መጥፋት ተጫወተ፤ የራሱ አባት ገለምሶ እንዳለና ሦስት ዓመት እንዳላየው ሳንጠይቀው ነገረን። ሲወጣ ወረቀቱን እንዳልጠየቅን አስታወስኩ፤ ተከትዬ ነገርኩት። ሰኞ ጠዋት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በራሱ እጅ አመጣልን። መልአክ ነበር አልላችሁም፤ በዚያው ቀበሌ ስለ እሱ ሌላ የሚነግሯችሁ ሰዎች አሉ፣ እነሱም አልዋሹም። እኛ ቤት ግን ተቀምጧል።

አባቴን ይዤ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ወጣሁ። ሐረር አሥር ቀን ቆየ። ፋሻው ሲፈታና እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር ሲደረግለት እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ መጀመሪያ እጁን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየና «ሸብተሃል» አለኝ። ሌላ ነገር የጠበቅሁ መሰለኝ።

ቤት ስንደርስ ጽጌ ከጠዋት ጀምራ ስትወለውል ነው የቆየችው። አዲስ ዳንቴል አልብሳለች፤ የመዳቡን ትሪ በሎሚ አሽታ ፀሐይ አስመስላዋለች። አባቴ ከደፉ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የእሷን ፊት ብዙ አየ። «አንቺ ነሽ ጽጌ? እንዲህ ከስተሽ ነው የምትስቂው?» አላት፤ እሷም ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቤቱን ይመለከት ጀመር። ቡፌውን አየ። ትሪውን አየ። በረዶ የለበሰውን ተራራና ሐይቁን መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ አየ። እኛ ቆመን እንጠብቃለን። ጽጌ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«ይህን ሁሉ እንዲህ ያስቀመጥሽው አንቺ ነሽ?» አለ።

«አዎ፣ አባባ።»

«በእጄ ሳየው ይበልጥ ያምር ነበር።»

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከሁለት ወር ተኩል ጾም በኋላ እንዲህ የሚባል ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅምና። ስከፍት ግን ጽጌ ራሷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ቡፌውን እያየች ነው። አባቴም መነጽሩን ይዞ ራሱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጓል። ወደዚያኛው ማዕዘን ቢሄድ መስኮቱ አይገለጥም ወይ አላት። ትሪው ታዲያ የት ይገባል አለችው። እሱ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አለ፤ ለካንስ እንጨትም ሲሆን በፈረንሳይኛ ነው። ክርክራቸው እየጋለ ሄደ፤ «እርስዎ» የሚለው አባቴ እንኳ ሳይታወቀው ድምፁን ከፍ አደረገ።

ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ ወደ እኔ ዞሩ።

ያን ቀን ነው የተረዳሁት። የምንኖረው ሦስት ነን፤ ወንበር ይራመዳል ብለው የሚያምኑት ሁለት ናቸው፤ ጤነኛ ወገብ ያለው አንድ ነው። ኮቴን አውልቄ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ የቡፌውን ወገብ ያዝኩ።